ይበቃዋል ወይስ ይሻለዋል?

በአማርኛችን ጎን ለጎን የሚኖሩ፣ ስንቸኩል አንዱን በሌላው ቦታ የምንተካቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ «ይበቃዋል» እና «ይሻለዋል»። ለእንግዳ ጠላ ስንቀዳ «ይበቃዋል» ካልን ዋንጫው ሞልቷል ማለት ነው። ለድሃ ዘመድ ክርኑ ያለቀ ካፖርት ከቁም ሣጥን ስናወጣም «ይበቃዋል» እንላለን። የመጀመሪያው ስለ ጠላው መጠን ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ዘመዱ መጠን። «ይሻለዋል» ግን እንዲህ በቀላሉ ከአፍ አይወጣም። ለአንድ ሰው ምን እንደሚሻለው ለመናገር የት እንደሚኖር፣ ማታ ማታ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ምን ሲያይ ፊቱ እንደሚፈካ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በእንዲህ ዓይነቱ የቃላት ልዩነት አሰለቻቸው ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ይኸው ልዩነት የቤተሰባችንን የስልክ መስመር ሲያግለው ከረመ። ሰበቡ በእጅ የምትያዝ አንዲት የጌም መጫወቻ ናት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታላቅ እህቴ የምትኖረው እብናት ነው፤ ደቡብ ጎንደር፣ በአዲስ ዘመን በኩል ተገብቶ የሚደረስባት፣ ከበለሳ የምትጎራበት የወረዳ ከተማ። እዚያ አንድ የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ታሳድጋለች። ሌላዋ እህቴ ደግሞ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፤ ልጇ እዚያው አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛለች። ይህችው ልጅ መንገደኛ ወደ አገር ቤት ሊመጣ መሆኑን ስትሰማ «ለእብናቱ ልጅ የጌም መጫወቻ ልላክለት» ብላ ተነሳች። ሁለት አማራጭ ነበራት። አንዱ በልጅነቷ የተጫወተችበትና እስከ ዛሬ መሳቢያዋ ውስጥ የተኛው ኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት ነው፤ ከነካሴቶቹ። ሌላው ከሱቅ የምትገዛው አዲሱ ኒንቴንዶ ስዊች 2። «ጋሼ፣ የትኛው ይሁን?» አለችኝ። ስለ ጌም የሥነ ጽሑፍ መምህር መጠየቅ ስለ በግ ዋጋ ዓሣ አጥማጅን እንደመጠየቅ ነው። ግን በኛ ቤት «የተማረ» የተባለ ሰው የማያውቀው ነገር የለም ተብሎ ይታመናልና፣ ክብሬን ላለማስነካት «እስቲ ላስብበት» አልኩ።

አስቤ ሳልጨርስ አንድ ዘመዳችን መሃል ገብቶ ነገሩን ቆረጠው።

«ምን ያስጨንቃችኋል? ለእብናት አሮጌው ይበቃዋል!»

ወሬ እግር አለው፤ እብናት ደረሰ። ኔትወርኩ ደህና በሆነበት አንድ እሑድ እህቴ ደወለች። «ወንድምዬ፣ ለልጅቷ ንገርልኝ። ከላከች አዲስ ትላክ፤ ካልሆነላትም ግድ የለም፣ ትተወው። የኔ ልጅ የሰው ትራፊ አይጠብቅም።»

ቁጣዋ ከየት እንደሚነሳ አውቀዋለሁ። የእብናት ስም በውጭ አገር ዜና ደጋግሞ የተነሳው በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው የተሰበሰበበት የእርዳታ መጠለያ እዚያ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ተረጂው በግድ እንዲበተን ተደርጎ ጎጆዎቹ ተቃጥለዋል። እህቴ ያኔ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። ስንዴው ሲመጣ ማንም «ምን ይሻላችኋል?» ብሎ አልጠየቀም፤ መበተኑ ሲመጣም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰልባጁ ዘመን መጣ። ሌላ ሰው የጠገበውን ሹራብ እየለበሰ ያደገ ሕዝብ «ይበቃዋል» የምትለዋን ቃል በጠረኗ ይለያታል።

እንግዲህ ዘመዳችን አሮጌው ይላል፤ እህቴ አዲሱ ትላለች። ሁለቱም የሚነጋገሩት ስለ ሰጪና ስለ ተቀባይ ነበር። ስለ ዕቃው አንድም ቃል ያነሳ የለም። እኔም «ዕቃው ራሱ ምን ይላል?» ብዬ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋቸዋለሁ። ዕቃውን የሠሩት ጃፓኖች ናቸው፤ በኛ አጠራር ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ፈረንጅ ነውና ይቅር ይበሉኝ።)

ኒንቴንዶ ጌም ቦይ የተባለውን መጫወቻ ያወጣው በ1989 ነው። የሠራው ቡድን መሪ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላል። የዚህ ሰው ፍልስፍና የጎንደር ባልቴቶችን ያስደስታል፦ ርካሽ የሆነውን፣ የታወቀውን፣ ድክመቱ ሁሉ ተጠንቶ ያለቀውን አሮጌ ቴክኖሎጂ ውሰድና አዲስ ነገር አሠራበት። ጌም ቦይ ቀለም አልነበረውም፤ መስኮቱ የጎመን ወጥ የመሰለ አረንጓዴ፣ መብራትም የሌለው። በ4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። ተፎካካሪው ሴጋ በ1990 ጌም ጊር የተባለ ባለ ቀለም፣ ባለ መብራት መጫወቻ አመጣ። ያየው ሁሉ አፉን ከፈተ። ነገር ግን ጌም ጊር 6 የባትሪ ድንጋይ ጎርሶ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ይጨርሳቸዋል። ውጤቱስ? ጌም ጊር 11 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ፣ ጌም ቦይ በ1998 ከመጣው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ልጆቹን ያሸነፈው የሚያምረው ሳይሆን የሚቆየው ነው። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ ፊቱ ተቃጥሎ የቀለጠ አንድ ጌም ቦይም ነበር፤ ኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ለብዙ ዓመታት በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እየሠራ ለጎብኚ ይታይ ነበር።

«ይሄ የድሮ ታሪክ ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ወደ ቅርቡ እንምጣ። ሶኒ በ2004 ፒኤስፒ የተባለውን መጫወቻ አወጣ፤ ጌሙ በትንሽ ዲስክ ይገባ ነበር። በ2009 «አዲሱ ፒኤስፒ ጎ» መጣ። አነሰ፣ አማረ፣ ዋጋውም ከቀዳሚው ጨመረ። የዲስኩ ማስገቢያ ግን ጠፋ። ጌም የፈለገ በኢንተርኔት ይግዛ ተባለ። ገንዘባቸውን ከፍለው ዲስክ ያከማቹ ልጆች አዲሱን ገዝተው ያላቸውን ጌም ማስገባት አቃታቸው። ኩባንያው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ2011 ሥራውን አቆመው፤ አሮጌው ፒኤስፒ ግን እስከ 2014 ድረስ መመረቱን ቀጠለ። አዲሱ በአሮጌው ተቀበረ።

አሁን የኛን ሁለት ዕቃዎች እንያቸው። ስዊች 2 በሰኔ 2025 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ዋጋው 450 ዶላር ነበር። ሰፊ መስኮት አለው፤ ሥዕሉ ከሲኒማ አይተናነስም። ባትሪው እንደ ጌሙ ክብደት ከ2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል ይላል ሠሪው። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ለስዊች 2 ከሚሸጡት ካርዶች ውስጥ ጌሙ ሙሉ በሙሉ የተጫነባቸው አሉ፤ ቁልፍ ብቻ የያዙም አሉ። ባለ ቁልፉን ካርድ ስትከቱት ጌሙ ውስጡ የለም። መሣሪያው ኢንተርኔት ገብቶ ጌሙን ሲያወርድ ብቻ ነው ጨዋታው የሚጀምረው። ሞሰቡ መጥቷል፣ እንጀራው በኋላ በሌላ መኪና ይመጣል እንደማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ይህ የ20 ደቂቃ ጉዳይ ይሆናል። እብናት ላለስ?

የ2006ቱ ዲኤስ ላይት እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ካሴቷ ከጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ ጌሙ ግን ሙሉ በሙሉ ውስጧ አለ። ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ከተጫወቱበት አንድ ቻርጅ ከ15 ሰዓት በላይ እንደሚያስኬድ ሠሪው ጽፏል። እኔ መቼም የመጽሐፍ ሰው ነኝና የተመለከትኩት እንደ መጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የተገዛ ቅጂ ዛሬም ይነበባል። ደራሲው ካለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መጽሐፉ ግን ሲከፈት ማንንም አያስፈቅድም። ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ለተባለው መጫወቻ ጌም የሚሸጥበትን የኢንተርኔት ሱቅ በመጋቢት 2023 ዘግቷል። በማግስቱ መሣሪያውን ያገኘ ልጅ ከዚያ ሱቅ ብቻ ይገኝ የነበረ ጌም ለመግዛት ቢፈልግ በሩ ተቆልፏል። ካሴት ያለው ልጅ ግን ካሴቱን ከትቶ ይጫወታል።

ደብረ ታቦርን አልፎ የሄደ ሰው ጋፋትን ያውቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. አውሮፓውያኑን ጠቢባን አሰባስበው ሴባስቶፖልን ያሠሩበት ቦታ ነው። ንጉሡ መድፍ ላኩልኝ ብቻ ብለው አልቀሩም፤ የሚያሠለጥኑ ጠቢባን ይምጡልኝ ነው ያሉት። ከዕቃው በስተጀርባ የቆመው ነገር ካልመጣ ዕቃው ብቻውን ጌጥ እንደሚሆን ገብቷቸው ነበር። የስዊች 2ም ነገር እንዲሁ ነው። ከበስተጀርባው ያለው ኔትወርክ፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ በኢንተርኔት መክፈያ ካርድ ነው። ልጅቷ ሻንጣ ውስጥ ልትከተው የምትችለው ዕቃውን ብቻ ነው።

የእብናቱን ልጅ ማታ እናስበው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የዘነጋ የለም። በጦርነቱ ምክንያት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የእህቴም የልጅ ልጅ ደብተሩን ሰቅሎ ቤት የዋለባቸው ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት የአያቱ ስልክ ላይ ያሉት ጌሞች እንኳ «ኢንተርኔት የለም» እያሉ ይመልሱት ነበር። መብራቱም በደህና ቀን ይመጣል፤ ሲያሻው ሦስት ቀን ይጠፋል። ለዚህ ልጅ የጌም መጫወቻ መላክ እንደ ቅንጦት የሚታየው ሰው ካለ፣ በር ተዘግቶበት የሚውል የ12 ዓመት ልጅ አላየም ማለት ነው።

ለአሮጌው ብቻ ጥብቅና እንዳልቆም ደግሞ ጉድለቱንም ልናገር። ዲኤስ ላይት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ነው፤ ማጠፊያው ላይ መሰንጠቅ የታወቀ በሽታው ነው። ባትሪው ከብዙ ዓመት መሳቢያ በኋላ ይደክማል። የአሜሪካው ቻርጀር ደግሞ 120 ቮልት ነው፤ እኛ ጋ 220 ነው፤ እንዳለ ቢሰካ ጭስ ብቻ ነው ትርፉ። አሮጌ ዕቃ ሲላክ እነዚህን ማንም ካላየ፣ እብናት የሚደርሰው መጫወቻ ሳይሆን ኀዘን ነው። ዘመዳችን «ይበቃዋል» ሲል ከነዚህ አንዱንም አልጠየቀም። ትክክለኛውን ዕቃ በተሳሳተ ምክንያት መረጠ። እህቴም በበኩሏ የክብሯን ነገር ስታስብ፣ ከነካርቶኑ የመጣ የ450 ዶላር ዕቃ ኔትወርክ እየጠበቀ ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ አልታያትም።

ያልተጠየቀ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር። ደውዬ «ልጁን አገናኚኝ» አልኳት። ሁለቱንም በቻልኩት መጠን አስረዳሁት። ትልቁን መስኮት፣ ሥዕሉን፣ የትንሹን ዕድሜ፣ ሁሉንም። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጋሼ፣ ልጠይቅዎ?» አለ።

«ጠይቅ።»

«ኔትወርክ ሳይኖር የሚያጫውተው የቱ ነው?»

ነገርኩት።

«መብራት ሲጠፋስ ብዙ የሚቆየው?»

እሱንም ነገርኩት። ከበስተኋላው የእህቴ ድምፅ «አዲሱን በለው እንጂ!» ሲል ይሰማኛል። ልጁ ግን የራሱን ይቀጥላል። «እኛ ደጅ ገበጣ ቆፍረናል፤ እሱ ቻርጅ አይፈልግም» ብሎ ሳቀ። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ የገበጣ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ሲያሳትሙ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። ልጁ ይህን አያውቅም፤ ጉድጓድና ጠጠር ካለ ጨዋታው ሙሉ መሆኑን ግን ያውቃል። ከዚያ ሦስተኛውን ጥያቄ አመጣ።

«አሮጌው የማን ነበር?»

የማን እንደነበር፣ እሷም የሱ እኩያ ሳለች እንደተጫወተችበት ነገርኩት። ትንሽ ቆየና፣ «እሷ ስንተኛው ላይ ደርሳ ነበር?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አሻገርኩት። ልጅቷ የዚያኑ ማታ መሳቢያዋን ከፍታ፣ ቻርጅ አድርጋ ከፈተችው። በዲኤስ ካሴት ተጫዋቹ የደረሰበት ደረጃ የሚቀመጠው እዚያው ካሴቷ ውስጥ ነው። (በስዊች ግን የሚቀመጠው መሣሪያው ውስጥ ነው፤ ካርዱን ለሌላ ሰው ቢሰጡት ታሪኩ አብሮ አይሄድም።) የ2006ቱ የሱፐር ማሪዮ ጌም 8 ዓለማት አሉት፤ የሦስት ተጫዋቾችን ታሪክም ለየብቻ ይይዛል። የልጅቷ ታሪክ ስድስተኛው ዓለም፣ ተራሮቹ ላይ ቆሟል። ለምን እዚያ ላይ እንዳቆመች አስታወሰች፤ ያን ሰሞን አባቷ ታመው ነበር። ከዚያ በኋላ አልከፈተችውም። ሌሎቹ ሁለት ቦታዎች ባዶ ናቸው።

ከዚህ በኋላ የክርክሩ መልክ ተለወጠ። ልጅቷ አዲስ ባትሪ ገዝታ ቀየረችለት፤ ማጠፊያውን አስፈተሸች፤ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚያደርግ ገመድ ጨመረችበት። ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ትንሽ የፀሐይ መብራትም ገዛች፤ ሁሉም ተደምሮ ከአዲሱ ዋጋ ሲሶ አልሞላም። ከሁሉ በላይ ግን በእጇ፣ በዚያ በተንጋደደ የሰንበት ትምህርት ቤት ፊደሏ፣ አንድ ወረቀት ጻፈች። ይህ የኔ ነበር፤ ስድስተኛውን ዓለም መጨረስ አቅቶኛል፤ ሁለተኛው ቦታ ያንተ ነው የሚል ነው። እህቴ ወረቀቱ በስልክ ሲነበብላት ዝም አለች። ቀጥላ «እንዲህ ከሆነማ ውርስ ነው» አለች። በሷ መዝገበ ቃላት ውርስና ትራፊ ለየቅል ናቸው። ውርስ ከሰጪው ስም ጋር ይመጣል፤ ሰጪው ይወደው የነበረ ነገር ነው። ትራፊ ሰጪው የጠገበው ነው። ዕቃው ያው አንድ ዕቃ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ «አሮጌ ለገጠር ይስማማል» የሚል መደምደሚያ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ካለ ግን አልተግባባንም። ዲኤስ ላይቱ ለዚህ ልጅ የተሻለው የልጁ ዓይን ትልቅ መስኮት ስለማያምረው አይደለም። ስለ ስዊች 2 ስነግረው ትንፋሹ ሲያጥር በስልክ ሰምቼዋለሁ። አሮጌው የተሻለው መብራቱ ስለሚጠፋ፣ ኔትወርኩ ስለሚቆረጥ፣ ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ ነው። ልጁ ጎበዝ ሆኖ ባለው ሁኔታ ውስጥ የሚሻለውን መረጠ፤ ሁኔታውን ግን እሱ አልመረጠውም። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ በቀለሙና በጌሙ ዓይነት ሲመርጥ፣ የእብናቱ ልጅ በመብራት ኃይልና በቴሌ መምረጡ የሚያስመሰግን ትዕግሥት ሳይሆን የሚያስጠይቅ ዕዳ ነው። ዕዳው ደግሞ የአክስት ልጁ አይደለም።

ከውጭ አገር ሻንጣ ለምታዘጋጁ አንባቢዎቼ እንግዲህ የምለው አጭር ነው። አሮጌም ላኩ፣ አዲስም ላኩ። ከመላካችሁ በፊት ግን ደውሉና ተቀባዩን ራሱን አነጋግሩት፤ አያቱን ብቻ ሳይሆን ልጁን። መብራቱ በሳምንት ስንት ቀን እንዳለ ጠይቁ። ቻርጀሩ ላይ ስንት ቮልት እንደተጻፈ አንብቡ። ካርዱ ውስጥ ጌሙ አለ ወይስ ቁልፉ ብቻ ነው በሉ። ይህን ሁሉ ከጠየቃችሁ በኋላ «ይሻለዋል» ለማለት መብት አላችሁ። «ይበቃዋል» የሚለውን ግን ለሱ ተዉለት፤ ሲበቃው ራሱ ይናገራል።

መጫወቻው እብናት ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ደውዬ ነበር፤ ልጁ ሊያነጋግረኝ ጊዜ የለውም። ጎረቤት ያለው ጓደኛው ሦስተኛውን ቦታ ይዟል አሉ፤ ሁለቱ በተራ ይጫወታሉ። የአክስት ልጁ ታሪክ ስድስተኛው ዓለም ላይ እንደቆመ ነው። «እሷ ስትመጣ ትጨርሰው፤ የሷን አልነካም» ብሏል።